ለብድር የታጠበ ጋቢ

የአጎቴ ጋቢ በዓመት ሁለት ጊዜ ይታጠባል። አንዱ ለጥምቀት ነው፤ ሌላው ብድር ለመጠየቅ። ባለፈው ሐምሌ አገር ቤት፣ ምሥራቅ ጎጃም ስወርድ ጋቢው ከእንዶዱ ወጥቶ፣ ከዝናብ መሀል ሾልካ በወጣች ፀሐይ አጥር ላይ ተሰጥቶ አገኘሁት። ጥምቀት ገና ስድስት ወር ይቀረዋል። ነገሩ ወዲያው ገባኝ።

«አያ፣ ማን ዘንድ ነው?» አልኩት።

«ገና አልለየሁም» አለኝ እግሩን እየታጠበ። «መጀመሪያ እንልበስ፤ አበዳሪው ከዚያ ይገኛል።»

ገንዘብ የቸገረው ሰው እንደቸገረው ሆኖ ቢታይ የሚሻል ይመስላል። ምጽዋት ከሆነ፣ አዎ። ብድር ግን ሌላ ነው። ቡትቶ ለብሶ የሄደውን ያዝኑለታል፣ ጠላ ይቀዱለታል፣ «እግዜር ይርዳህ» ብለው ይሸኙታል። የታጠበ ጋቢ ደርቦ፣ ከዘራውን ይዞ፣ ስለ ክረምቱና ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ሲጫወት ቆይቶ፣ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ እንደ ዘበት «ለመሆኑ አንድ 20 ሺህ ብር ለጊዜው አታጣም?» ያለው ግን ብሩን ይዞ ይወጣል። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለውን ተረት በቂል ላይ የተተረተ ስላቅ አድርጌ ስሰማው ኖሬያለሁ። ከአጎቴ ጋር አንድ ሳምንት አበዳሪ ፍለጋ ከዞርኩ ወዲህ ግን ተረቱ ስላቅ ሳይሆን የብድር መመሪያ መሆኑን ደረስኩበት። ካልቸገረህ ይሰጥሃል።

ሐምሌ ክፉ ወር ነው። ጎተራው ተጠርጓል፣ አዲሱ እህል ገና ከመሬት ቀና አላለም፣ የገበያው ጤፍ አይቀመስም። መንደሩ ሁሉ ተበዳሪ የሚሆንበት ወር ስለሆነ፣ ያለውም ሰው የሌለው መስሎ ይከርማል። አጎቴን ያዞረው ግን ቀለብ አልነበረም። በጥር ልጁን ይድራል። ለምን እንደሚበደር ለጠየቀው ሁሉ ግን «ለእርሻ በሬ» ነበር መልሱ። ለድግስ ብሎ የሚበደር ሰው አገራችን ውስጥ አላጋጠመኝም፤ በተበደረው ያልደገሰም ብዙ አላጋጠመኝም።

መጀመሪያ የሄድነው ዘመድ ዘንድ ነው። ዘመድ ወለድ አይጠይቅም፤ ይህ እውነት ነው። ገንዘብም አይሰጥም፤ ይህም እውነት ነው። የሚሰጠው ታሪክ ነው። አንደኛው የአጎቴ የአክስት ልጅ፣ አያቴ በደርግ ጊዜ ከአባቱ ወስዶ ያልመለሰውን አንድ ቁና ባቄላ ከነዘመኑ፣ ከነምስክሩ አወሳን። ባቄላውን ሳንከፍል፣ ብሩንም ሳናገኝ ወጣን።

እቁቡም አልሆነ። የአጎቴ እጣ ሰኔ ላይ ወጥቶ፣ ብሩም ሰኔ ላይ አልቋል። ከእንግዲህ የሚጠብቀው ሌላው ሲበላ እያየ መክፈል ብቻ ነው። እድሩ ገንዘብ አለው፤ ዳኛውም አጎቴን ይወዱታል። «ምነው፣ ሰው ሞቶብህ ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ ነበር» አሉት ከልባቸው አዝነው። አጎቴም ለአፍታ ያህል ከዘመዶቹ በዕድሜ የገፉትን በሐሳቡ የቆጠረ መሰለኝ።

ቀጥሎ ብድርና ቁጠባ ነው። የአነስተኛ ብድር ተቋማት በአዋጅ ቁጥር 40 ከተፈቀዱበት ከ1988 ወዲህ ገጠሩን አዳርሰውታል። በየክልሉ የነበሩት ትልልቆቹም ዛሬ ባንክ ሆነዋል፤ የአማራው አብቁተ ፀደይ ባንክ፣ የኦሮሚያው ሲንቄ ባንክ፣ ኦሞም ኦሞ ባንክ ተብሏል። ገበሬው ግን የትኛውንም ቢሆን «ብድርና ቁጠባ» ነው የሚለው። አጎቴ ደግሞ ያንንም አሳጥሮ «ብድር» ይለዋል፤ ቁጠባውን በገዛ እጁ ሰርዞታል።

የሄድንበትን ቢሮ ስም አልጠራም፤ ጥፋቱም የእኛ እንጂ የቢሮው አይደለም። አሠራሩ ይታወቃል። የሚያስይዘው የሌለው ገበሬ ከመሰሎቹ ጋር ቡድን ይመሠርታል፤ አንዱ ባይከፍል ሌሎቹ ይከፍሉለታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው የሚባለው በወረቀት ተጽፎ ማለት ነው። የአጎቴ ቡድን አምስት ሰው ነበር፤ አምስቱም ሎሚውን ሌላው ይሸከመዋል ብለው የገቡ። ድሮ አበዳሪና ተበዳሪ ቁራኛ ይታሰሩ ነበር፤ ነጠላ ከነጠላ ተቋጥሮ፣ ነገሩ እልባት እስኪያገኝ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ቀርቷል ይባላል። የመክፈያው ወር ሲደርስ ግን ከቡድኑ አንዱ በግ ጎትቶ ገበያ ሲወጣ፣ አራቱ ምንም የሚሸጡት ሳይኖራቸው ከኋላው ሲከተሉት አይቻለሁ። ቋጠሮው አይታይም እንጂ አልተፈታም።

ቅጹ ላይ አምስቱም «በሬ ማድለብ» ብለው ሞሉ። በአምስቱ መካከል የነበረው በሬ አንድ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ቦቃ የሚሉት፣ የአጎቴ ጎረቤት በሬ። የብድር ሠራተኛው በሞተር ሳይክሉ እየተንደቀደቀ ሊያይ በመጣ ቀን ቦቃ በመጀመሪያው ጓሮ አገዳ ሲያመነዥክ ታየ። ሠራተኛው ቡና ቅመስ ተብሎ ሲቀመጥ ቦቃ በእርሻው ዞሮ ሁለተኛው ጓሮ ገባ። ሦስተኛው ጓሮ ሲደርስ ግንባሩን ጭቃ ተቀብቶ ሌላ በሬ ሆኖ ነበር። አራተኛው ላይ ዝናቡ መጣና ግንባሩን አጠበው። ሠራተኛው በሬውን አየ፤ በሬውም እንደ ቆየ ወዳጅ አየው።

«የዚህ ቀበሌ በሬዎች ወንድማማች ናቸው መሰለኝ» አለና አምስቱንም ጻፈ። እሱም ቢሆን ለበላዮቹ የሚያቀርበው ሪፖርት አለበት፤ አምስት በሬ ከአንድ በሬ ይሻላል። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ከብትም ሰብልም ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። ሕግ አውጪው አንድ በሬ አንድ ብድር ሲይዝ ታይቶት ይሆናል። የእኛ ቦቃ ግን ለሃምሳ ሰው የተባለውን ሎሚ ብቻውን ተሸክሞ ዝናብ ላይ ቆሟል።

ብድሩ ወጣ፤ ለድግሱ ግን አልበቃም። የቀሩት አንድ ሰው ብቻ ናቸው።

እኒህ ሽማግሌ አራጣ አበዳሪ አይባሉም። አራጣ አበዳሪ የሚባለው ምንጊዜም የሌላ ቀበሌ ሰው ነው፤ የእኛው «ሰው የሚረዱ» ናቸው። ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ቆርቆሮ የሰጡ፣ የግማሹ መንደር ልጅ የክርስትና አባት የሆኑ፣ ጠብ ሲነሣ አስታራቂ ናቸው። አጎቴን በር ላይ ተቀብለው ከላይ እስከ ታች አዩት። ጋቢው በረዶ መስሏል።

«ደግሞ አንተን ምን ቸገረህ!» አሉት።

የአጎቴ ፊት በራ። ማለፉ ነው።

እነሱ ስለ ክረምቱ ሲጫወቱ እኔ ጥግ ተቀምጬ በልቤ ሒሳብ ያዝኩ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰውና ሰው ሲበዳደር ወለዱ ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ይላል። የሽማግሌው ከመቶ 10 ነው። «ከመንግሥት ሁለት ቀንሻለሁ» ቢሉ ማን ይከራከራቸዋል? ልዩነቱ የሕጉ በዓመት፣ የእሳቸው በወር መሆኑ ብቻ ነው። በ20 ሺህ ብር ላይ ሕጉ በዓመት 2,400 ብር ይፈቅዳል፤ እሳቸው ጋ 24,000 ይሆናል። አንዲት ዜሮ ናት የጨመሩት።

ሕግ አያከብሩም ግን አይባልም። ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ እንዲሆን ይፈልጋል፤ ይህችን አንቀጽ ሽማግሌው አጥብቀው ይጠብቋታል። ወረቀትና ምስክር ተጠራ። አጎቴ 20 ሺህ ብር ተቀበለ። የስድስት ወሩ 12 ሺህ አስቀድሞ ተደምሮ፣ ወረቀቱ ላይ «32 ሺህ ብር ያለ ወለድ ተበድሬአለሁ» ተብሎ ተጻፈ። አራጣ በ1997ቱ የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ መሆኑን የሚያውቅ ዳኛ ይህን ወረቀት ቢያይ፣ በዚህ ዘመን ያለ ወለድ የሚያበድር ደግ ሰው ተገኘ ብሎ ሽማግሌውን ያመሰግናቸው ነበር።

ካልተከፈለስ? አንድ ጥማድ መሬት ወለድ አገድ ይያዛል። ዋናው ብር እስኪመለስ ሽማግሌው እያረሱ ምርቱን በወለዱ ፈንታ ይበላሉ። ሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ወለድ አገድ የገባ መሬትም አይሸጥም፣ አይለወጥም። አይመለስም እንጂ።

የአጎቴ ልጅ፣ ሙሽራው፣ በዚህ ሁሉ ይስቃል። እሱ የሥልጣኔ ሰው ነው። ቴሌብር በ2013 ከመጣ፣ በ2014 መጨረሻ ደግሞ ማበደር ከጀመረ ወዲህ ሽማግሌ ደጅ መጥናት አበቃ ባይ ነው። «ስልክ ጋቢ አያይም» አለኝ። እውነት ነው፤ ስልክ ጋቢ አያይም። የሚያየው በስልኩ ምን ያህል ብር እንደገባና እንደወጣ ነው። ይህን ያወቁት ሙሽራውና ሚዜው የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ያችኑ 500 ብር ከጠዋት እስከ ማታ ይላላካሉ። አንዱ ይልካል፣ አንዱ ይመልሳል፤ ስልኩ ሁለት ነጋዴ ያገኘ ይመስለዋል። አባትየው በሬ ያዞራል፣ ልጁ ብር ያዞራል። ስልኩም ቢሆን የሚያበድረው ላልቸገረ ነው፤ ጋቢው ነው እንጂ የተለወጠው፣ ማጠቡ አልቀረም።

ጥር ደረሰና ለሠርጉ ተመልሼ ወረድኩ። ጥር የሠርግ ወር ነው። ጥር የመክፈያም ወር ነው። ታኅሣሥ የተወቃው እህል ገበያ ወጥቶ ዋጋው ወርዷል፤ በሐምሌ የአንድ ኩንታል ዋጋ የነበረው ዕዳ አሁን በአንድ ኩንታል አይዘጋም። ይህን ሁሉም ያውቃል። ቢሆንም ዳሱ ተጥሏል፣ ጠጁ ተጥሏል፣ ድምፅ ማጉያው ከወረዳ ከተማ በኪራይ መጥቷል። ከሁሉ ፊት፣ ሙሽሮቹ አጠገብ፣ ሽማግሌው ተሰይመዋል። የሰጡትን ብር ቁርጥ አድርገው፣ በአዋዜ እያጠቀሱ በሉት። ዕዳው ብቻ አጎቴ ዘንድ ቀረ።

ከዳሱ ጥግ የተሰቀለውን ቆዳ አየሁት። ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። አጎቴ ቦቃን ከጎረቤቱ በዱቤ ገዝቶ አርዶታል። አምስቱ የቡድን አባላት በአንድ ገበታ ዙሪያ ቁጭ ብለው የጋራ መያዣቸውን ይቆርጣሉ። የብድር ሠራተኛውም ተጠርቶ ነበርና አንዱን ጉርሻ ውጦ ወደ ቆዳው አሻግሮ ተመለከተ። «ይሄን በሬ የት ነው የማውቀው?» አለ። ማንም አልመለሰለትም። ደገመና ጎረሰ።

በአጎቴ ስቄ ልቀመጥ አልቻልኩም። እኔም የከተማ ዘመድ ነኝ፤ የከተማ ዘመድ ባዶ እጁን ሠርግ አይመጣም። ለሙሽሮቹ የሰጠሁት ገንዘብ፣ በሞቅታ በእልልታ የተነገረልኝ፣ ከስልኬ የተበደርኩት ነበር። በማግስቱ አውቶቡስ መሳፈሪያ እንኳ እንደሌለኝ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አጎቴ ጋ መሄድ የማይታሰብ ነው። ሽማግሌው ገና በአዋዜው እጃቸው አጠገቤ አልፈው «አንተን ደግሞ ምን ይቸግርሃል!» ብለውኛል፤ እኔ ግን ማለፉን ፈራሁት።

የቀረችው አክስቴ ናት። አክስቴ ነጠላዋ አራት ቦታ የተጣፈ፣ እግሯ ባዶ፣ በሠርጉም ከወጥ ቤት ያልወጣች ሴት ናት። ብድር ሊጠይቃት የሄደ ሰው አላውቅም፤ ማን ያስባል? ጠዋት ጓሮ ጠላ ስትጠምቅ አገኘኋትና ስለ ጤናዋ፣ ስለ ዶሮዎቿ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቅኋት። በጥር ስለ ዝናብ የሚጠየቅ ነገር የለም፤ አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ስለሆነ ነው።

ሳልጨርስ መቀነቷን ፈታች። ከቋጠሮው ውስጥ የተጠቀለለ ብር አወጣችና ጣቷን እርጥብ አድርጋ ቆጠረችልኝ። መሳፈሪያውን ብቻ አይደለም፤ ምሳም ጭምር። ከቋጠሮው የተረፈው ከወጣው ይበልጣል። ለአንድ ዓመት ያህል የጠላና የእንቁላል ገንዘብ እዚያ ወገብ ላይ ታስሮ ከርሟል።

«እትዬ፣ ይሄ ሁሉ እያለሽ በዚህ ነጠላ?» አልኳት።

«ነጠላውማ ነው የጠበቀው» አለች። «አዲስ የለበስኩ ዕለት አገሩ ሁሉ ጋቢውን አጥቦ ይመጣብኛል። ለማንም እንዳትል።»

«ግን እንዴት አወቅሽ? እኔ እኮ ገና አልጠየቅሁሽም።»

ወደ እግሬ ተመለከተች።

«በማለዳ ተነሥተህ ጫማህን ስትወለውል አይቼ ነው» አለችኝ።