እጅ የበዛባት ጀልባ

ዌስተርሊ ሴንቶር እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1980 እንግሊዝ አገር ከ2,400 በላይ የተሠራች፣ 26 ጫማ የምትረዝም የፋይበርግላስ የሸራ ጀልባ ናት። ከሆዷ ሥር ግራና ቀኝ ሁለት ከባድ ክንፎች ስላሏት ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃ ላይ ሳትጋደም ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን የሚፈጁትም በዚሁ ሙያ ነው። ሁለተኛ እጅ ትባላለች እንጂ እጆቹን የቆጠረ የለም።

የጣሪያዋ ልባስ ሥሩ ስፖንጅ ያለው፣ በሙጫ የተለጠፈ ፕላስቲክ ነው። ስፖንጁ ሲያረጅ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል፤ ልባሱም ተንዘላዝሎ የተኛውን ሰው አፍንጫ ይነካል። የሽያጭ ፎቶግራፍ ታዲያ ትራሶቹን ያሳምራል፣ ጣሪያው ጋ አይደርስም። የናፍጣ ሞተሯ ገዢ በሚመጣበት ዕለት፣ በአጋጣሚ፣ ቀድሞ ሞቆ ይገኛል።

ውሃ ፋይበርግላሱ ውስጥ ሲሰርግ ቅርፊቷ ላይ ብጉር ያወጣል። መርማሪው ባለሙያ በትንሽ መዶሻ ቀስ እያለ ይቆረቁራል፤ የታፈነ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ሻጩን ሳል ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ ዋጋው እየወረደ ሄዶ አንዳንዴ በነፃ እስከመስጠት ይደርሳል። የማቆሚያው ኪራይ ግን አይወርድም።