ወንድሜ፣ ምን ጠፋብህ?

የኮሪደር ልማቱ ከቦሌ እስከ መገናኛ፣ ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲ የብስክሌት መስመር ከዘረጋ ወዲህ የምሥራቅ አዲስ አበባ ሰው ሁለት ነገር አገኘ፦ ብስክሌተኛው የሚነዳበት መንገድ፣ እግረኛው ደግሞ የሚተርበው ሰው። ድሮ ብስክሌተኛ በመኪና መሃል ተሹለክልኮ ስለሚያልፍ ለስድብ እንጂ ለተረብ አይመችም ነበር። ዛሬ በራሱ መስመር፣ ከእግረኛው አንድ ክንድ ርቆ፣ ዘና ብሎ ይመጣል። የታየ ደግሞ ይተረባል።

አለባበሱን ማንም አይነካም፤ የተጣበቀው ቁምጣ ራሱን በራሱ ተርቧል። ነገር ያለው መሪው ላይ ነው። ኮርስ ብስክሌት የገዛ ሁሉ ብዙ ሳይቆይ መሪውን ማውረድ ወይ መስቀል ይጀምራል። መሪውን የፊት ጎማውን ከሚይዘው ሹካ ግንድ ጋር የምታያይዘው አጭር ክንድ ስቴም ናት፤ ከሥሯ የሚደረደሩት ቀለበቶች ስፔሰር ይባላሉ፤ ሦስተኛው መሪው ራሱ ነው። የሰፈሩን ወገብ፣ አንገትና መዳፍ የሚያስተዳድሩት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። የሚያስተርቡትም እነሱው።

ዝቅ ያለው

ማለዳ፣ መገናኛ። አንድ ጎረምሳ ቀይ መብራት ይዞት ቆሟል። ከስቴሙ ሥር የነበሩትን ቀለበቶች በሙሉ አውጥቶ መሪውን መሬት ሊያስነካው ምንም አልቀረው። የሚኒባሱ ረዳት «ሲኤምሲ፣ አያት!» የሚለውን ጩኸቱን አቋረጠ።

«ወንድሜ፣ ምን ጠፋብህ? ንገረንና አብረን እንፈልግ!»

«አየር እየቆረጥኩ ነው።»

«ኧረ በናትህ! ውሃና መብራት የሚቆረጥብን መቼ አነሰና አየር ትቆርጥብናለህ?»

ጎረምሳው እጅ አልሰጠም። «አሜሪካዊው ለሞንድ በ1989 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን በ8 ሰከንድ ያሸነፈው መሪው ላይ ቅጥያ ገጥሞ፣ አየር ቆርጦ ነው።»

«8 ሰከንድ? ይሄ የያዘህ መብራት ብቻውን ስንት ቱር ደ ፍራንስ ይበላል!»

«ጽጋቡ ግርማይም እንደዚህ ጎንበስ ብሎ ነበር የሚነዳው።»

ይኼኔ ተራ አስከባሪው ገባበት። «ጽጋቡ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው፤ ከኋላው የቡድኑ መኪና ይከተለው ነበር። ካንተ ኋላ ያለው የዚህ ልጅ ሚኒባስ ነው! ቀና በል፣ የፊት ጎማው ጺምህን እንዳይላጨው።»

እውነቱን እንናገር፤ ጎረምሳው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። በፍጥነት ለሚነዳ ሰው ትልቁ ጠላት ነፋስ ነው፤ ጎንበስ ማለትም ይጠቅማል። ነገር ግን ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ያን ያህሉን ተፈጥሮ በነፃ ቆርጣለታለች። የቀረውን ለመቁረጥ ደግሞ ጎንበስ ብሎ መቆየት የሚችል ወገብ ያስፈልጋል። ፈተናው ቀላል ነው፦ እጅህን የፍሬኑ እጀታ ላይ አሳርፈህ ክርንህ ትንሽ እጥፍ ካላለ፣ አንገትህም መንገዱን ለማየት ወደ ኋላ ከተቆለመመ፣ መሪህ ዝቅ ብሏል ወይ ርቋል። ክርኑ የተገተረ ሰው የኮብልስቶኑን ጉብታ ሁሉ በትከሻው ይቆጥራል።

ከፍ ያለው

ገርጂ፣ አንድ የብስክሌት ጥገና ቤት በር ላይ። ጋሼ ብስክሌታቸውን ገፍተው መጡ። ከስቴሙ ሥር ቀለበት በቀለበት ተደርድሯል፤ ጥቁር፣ ብርማ፣ አንዱማ ቀይ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ጂ ፕላስ ስንት ነው?»

«ጂ ፕላስ ሰባት። ወገቤን ያመኛል ልጄ።»

«የግንባታ ፈቃድ አለዎት? አየር ማረፊያ አጠገብ እኮ ከፍታ ይገደባል።»

«ወገብህ የኔን ዕድሜ ሲደርስ ፈቃዱን ራስህ ትፈርማለህ!»

ተረቡን ጋሼ አሸነፉ፤ ፎቁ ግን እውነትም ከፈቃድ ውጭ ነው። የሹካው ግንድ ካርቦን ከሆነ ብዙዎቹ አምራቾች ከ30 ሚሊ ሜትር አካባቢ በላይ ቀለበት አይፈቅዱም፤ ግንዱ በረዘመ ቁጥር ስቴሙ የሚያሳርፍበት ጫና ያይላል። መካኒኩ ሌላ መላ ነበረው። ስቴሙን ፈታ፣ ገለበጠና መልሶ ገጠመ። 100 ሚሊ ሜትር ርዝመትና 6 ዲግሪ ማዘንበያ ያላት ስቴም ስትገለበጥ መሪው 20 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ዕቃ አልተገዛም፤ ከሰባቱ ፎቅ አራቱ ወረዱ፤ የመሪው ከፍታ ግን እዚያው ነው።

«ይሄን ያህል ከሆነ አስቀድመህ ለምን አልገለበጥከውም?»

«ፎቁን ማን እንደሠራው ላጣራ ብዬ ነው።»

አንድ ነገር ልብ በሉ። የሹካው ግንድ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው። ስለዚህ 10 ሚሊ ሜትር ቀለበት ስትጨምር መሪው ከፍ ብቻ አይልም፤ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ አንተም ይቀርባል። ስታወርደው ደግሞ በዚያው ልክ ይሸሻል። «መሪው ዝቅ አለብኝ» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ «ራቀብኝ» ማለቱም ነው። መሪውን ስትሰቅል የፍሬኑ ሽቦ መድረሱንም እይ፤ አለዚያ መሪውን ባዞርክ ቁጥር ፍሬኑ ሳትጠራው ይመጣል።

ጋሼ ግን ነገሩን አልጨረሱም። «በኛ ጊዜ» አሉ፣ «እነ ገረመው ደንቦባ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ኦሎምፒክ ሲወዳደሩ ይሄ ሁሉ ቀለበት የት ነበር? አንድ ብሎን ታላላለህ፣ በመዶሻ ኳ ታደርጋለህ፣ መሪው ይወጣል፣ ታጠብቃለህ። በቃ!»

ልክ ናቸው። የድሮው ስቴም ግንዱ ውስጥ ገብቶ ከታች በሽብልቅ ነበር የሚይዘው፤ ከፍና ዝቅ ለማለት አንድ ብሎን ይበቃው ነበር። መካኒኩም መልስ አላጣም። «ከመጨረሻው ምልክት በላይ ስታወጡት ደግሞ መሪው እጃችሁ ላይ ይቀር ነበር፤ ብስክሌቱ ወደ ፊት፣ መሪውና ጋሼ ወደ ቤት!»

የራቀው

አሁን ደግሞ ከሰሚት የመጣ ልጅ ተረኛ ነው። እጁን ዘርግቶ መሪውን ሲይዝ በመስኮት ልብስ የሚያሰጣ ይመስላል።

«ከመቀመጫህ እስከ መሪህ ስንት ታክሲ ነው?»

«አንድ ነው፤ ግን ሰልፉ ይረዝማል።»

«ብስክሌቱን ከየት አመጣኸው?»

«ከሆላንድ የመጣ፣ ያገለገለ ነው።»

«ሆላንዳዊውን ለምን አላመጣኸውም? ካለሱ እኮ አይሞላም!»

የዚህ ሰፈር ትልቁ በሽታ ይሄ ነው። ያገለገለ ኮርስ ብስክሌት በመጀመሪያ ባለቤቱ ቁመት ተመርጦ የተገዛ ነው፤ ባለቤቱ ሲቀየር የብስክሌቱ ልክ ያው ሆኖ ይቀራል። ስቴም ያድናል፣ ግን በልክ ነው። የኮርስ ብስክሌት ስቴም ብዙውን ጊዜ ከ80 እስከ 130 ሚሊ ሜትር ነው። ከ120 ወደ 100 ስትወርድ እጅህ ያርፋል፤ ከ80 በታች ካወረድከው ግን መሪው ይንቀለቀላል። ያን ያህል መቁረጥ ካስፈለገህ የበዛው ዋናው ብረት (ፍሬሙ) ነው፤ የምትቀይረውም እሱን ነው።

ሰሚታዊው ሌላ ብልሃት አስቦ ነበር። መቀመጫውን ወደ ፊት ገፍቶ መሪው ላይ ሊደርስ። መካኒኩ እጁን ያዘው። «መቀመጫው የእግርህ ነው፣ መሪው የእጅህ ነው። የአንዱን ዕዳ ሌላውን አታስከፍል።» ይህን ግድግዳ ላይ ጻፉት። መጀመሪያ የመቀመጫው ከፍታና ቦታ ለጉልበት ተስማምቶ ይታሰራል፤ መሪው የሚነካው ከዚያ ወዲያ ነው።

የሰፋው

ሲኤምሲ ላይ አንዲት ልጅ የወንድሟን ብስክሌት ይዛ ወጥታለች። መሪው 44 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ትከሻዋ ግን ከ38 አይዘልም።

«እህቴ፣ ክንፍሽን እጠፊልን፤ መኪና ማሳለፍ አቃተን!» አለ አንዱ ወያላ።

«ክንፍማ ቢኖረኝ ያንተን አፍ ልሰማ መሬት እወርድ ነበር?»

ጥገና ቤቱ ደርሳ ችግሯን ተናገረች። «ትንሿ ጣቴና የቀለበት ጣቴ ይደነዝዛሉ።»

«የቀለበት ጣትሽ ቀለበት ስለጎደለው ነው።»

«ቀለበቱን ስቴሙ ሥር አስገባው፤ ጣቴን ለኔ ተወው!»

መዳፉ ውስጥ ወደ እነዚያ ሁለት ጣቶች የሚሄድ ነርቭ አለ፤ የሰውነት ክብደት እጅ ላይ ሲያርፍ ይጨመቃል። መድኃኒቱ እንዳለችው ቀለበት ሊሆን ይችላል። ከዚያ በፊት ግን የመቀመጫውን አፍንጫ ማየት ነው፤ ወደ ታች ካዘነበለ ነጂውን ቀኑን ሙሉ እጁ ላይ ይደፋዋል። መሪውን ከመክሰስህ በፊት መቀመጫውን ጠይቅ። የመሪው ስፋት ደግሞ በትከሻ አጥንት ይለካል፤ ከአንዱ ትከሻ ጫፍ እስከ ሌላው፣ በሜትር፣ ያለ ይሉኝታ።

ከጎኗ የቆመው ጓደኛዋ ሳቀ፤ ስለዚህ ተራው ደረሰው። የእሱ መሪ እንደ ዘመኑ ፋሽን ጠብቧል።

«አንተ ደግሞ መሪህን በሙቅ ውሃ አጠብከው እንዴ? ተኮማተረብህ እኮ!»

የፋሽኑ ምንጭ ያው አየር ቆረጣው ነው። የውድድር ብስክሌተኞቹ መሪያቸውን ሲያጠብቡ ሲያጠብቡ የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር በ2023 እ.ኤ.አ. መሪ ከ350 ሚሊ ሜትር በታች እንዳይጠብ ደንግጎ ነበር። ለውድድር የወጣው ሕግ እንኳ ገደብ ካበጀ፣ ከጃክሮስ ዳቦ ለሚያመጣ ሰው ምን ሊባል ነው?

የጠበቀው

የመጨረሻው ተረኛ ረዳት መካኒኩ ነው። ስቴሙን ገጥሞ ብሎኑን በሁለት እጁ እየታገለ ያጠብቃል።

«በቃህ!»

«እስኪጮህ ነው የማጠብቀው።»

«ሲጮህ የምትሰማውማ የካርቦኑን ለቅሶ ነው!»

ስቴም ላይ የጥብቀቱ ልክ ተጽፎ ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ይህ ልክ በቶርክ ቁልፍ ይለካል እንጂ በክንድ አይገመትም። ከላይ ያለው የክዳኑ ብሎን ደግሞ ብዙ ሰው ያሳስታል። መሪው ሲንገጫገጭ ሁሉም ሮጦ እሱን ያጠብቃል፤ እሱ ግን የዕድር ሊቀመንበር ነው፤ ከላይ ይቀመጣል እንጂ ድንኳኑን የሚሸከሙት ሌሎች ናቸው። ሥራው ኩሽኔታዎቹን ማቀራረብ ብቻ ነው፤ ግንዱን ጨምቀው የሚይዙት የስቴሙ የጎን ብሎኖች ናቸው። ስለዚህ የጎኖቹን አላላ፣ የላዩን ንቅናቄው እስኪጠፋ ብቻ ያዝ፣ መሪውን ከጎማው ጋር አስተካክል፣ ከዚያ የጎኖቹን እያፈራረቅህ አጥብቅ። የፊት ፍሬን ይዘህ ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወዝውዘው፤ ኳ ካለ እንደገና ጀምር።

ይህን ሁሉ ሲሰማ የቆየ አንድ የቦሌ ልጅ አንገቱን ቀና አደረገ። «የኔ ሽቦ አይታይም፤ ሁሉም ውስጥ ለውስጥ ነው።»

«የሚታየው ደረሰኙ ነዋ!»

አለቀ። የፍሬን ቱቦው በመሪው አልፎ ግንዱ ሥር ለሚገባ ብስክሌት ስቴም መቀየር ማለት በአብዛኛው ቱቦ መንቀል፣ የፍሬን ዘይት እንደገና መሙላት ማለት ነው። ያማረ ነገር ልኩ ሳይታወቅ አይገዛም።

ፍርዱ

እንግዲህ ዳኛው ተራቢው ነውና ፍርዱን እንስጥ። ጎረምሳው ከቀለበቶቹ ሁለቱን ይመልስ። ጋሼ ፎቃቸውን እንደተቀነሰ ይኑሩበት። የሰሚቱ ልጅ ሆላንዳዊውን ይፈልግ፤ ካጣው ብረቱን ይቀይር። ልጅቷ ወንድሟን 38 መሪ ታስገዛው፤ ያጎበጣት እሱ ነው።

አንተም አንባቢ፣ መፍቻ ከማንሳትህ በፊት የነበረውን ቦታ በቴፕ ምልክት አድርግበት። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ፤ ከ5 ሚሊ ሜትር አትዝለል። በለመድከው መንገድ፣ ከቦሌ አያት ይሁን ከገርጂ ለገጣፎ፣ ጥቂት ቀን ንዳው፤ ከዚያ ወገብህን ጠይቀው። ቀለበት ስታወጣ ከስቴሙ ሥር አንስተህ ከስቴሙ በላይ አስቀምጠው። ብረት ቆራጭ ዘንድ ሄደህ የሹካውን ግንድ ለማስቆረጥ አትቸኩል፤ ከተቆረጠ የሚቀጥልልህ የለም። መሪው ለፎቶ ሲወርድ ወገብ ለሐኪም ይወጣል። ያወጣኸውን ቀለበት ደግሞ አትጣለው፤ ዕድሜ መልሶ ይጠይቅሃል።