የአንቺሆዬ ዕዳ

ከዕለታት አንድ ቀን፣ በሐዲያ ዘመን መለወጫ በያሆዴ ሰሞን፣ የሙዚቃ መሣሪያዎች ቦኖሻ ላይ ሸንጎ ተቀመጡ። የሻሾጎ ሰው በየመንደሩ በሬውን ጥሎ ሥጋውን ሲመድብ፣ አተካና የተባለው የበዓል ምግብ በየቤቱ ሲቀርብ፣ እነሱ ከገበያው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ክርክር ገጥመው ነበር። ዳኛው በገና ነው፤ አሥር ክር የተሸከመ፣ ሲናገር የሚያጉረመርም ሽማግሌ። ከሳሽ ክራር፣ ተከሳሽ ኪቦርድ።

«ምን በደለህ?» አለ በገና።

«እኅቴን አጠፋብኝ» አለ ክራር። «ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እኅትማማች ቅኝቶች ናቸው። ሦስቱ እሱ ቤት ሲገቡ ጠበብ ቢላቸውም ችለው አደሩ። አንቺሆዬን ግን አንዱን ድምጿን ወደ ላይ ጎትቶ፣ ሌላውን ወደ ታች ተጭኖ፣ በሁለት ቁልፎች መካከል የነበረውን በግድ ቁልፉ ላይ አስቀመጠው። ይኸው ዛሬ ልጆቻችን እሷን ራሷን ሲሰሙ ‹ክራርህ ተበላሽቷል፣ ቃኘው› ይሉኛል።»

ኪቦርድ ተነሣ። ክፉ አልነበረም፤ ይህን ልመስክርለት እወዳለሁ። ከሆሳዕና በመኪና ጣሪያ ላይ ተጭኖ የመጣ፣ በየሠርጉና በየጸሎት ቤቱ ሲያገለግል የቁልፎቹ ቀለም የለቀቀ ታታሪ ነው።

«አባቴ፣ እኔ የመጣሁት ዕዳ ካለበት ቤት ነው» አለ። «አንድን ክር እኩሌታው ላይ ቢይዙት ያው ድምፅ ቀጥኖ ይመለሳል፤ እሱ ኦክታቭ ነው። ከሦስት እጅ ሁለቱን ብቻ ቢያስጮኹት ደግሞ አምስተኛ የሚባለው ድምፅ ይወጣል፤ ከኦክታቭ ቀጥሎ እንደሱ የሚስማማ የለም። አባቶቼ ከአምስተኛ ወደ አምስተኛ እየተሻገሩ አሥራ ሁለት ጎጆ በክብ ሠሩ። ዙሩን ጨርሰው ወደ መጀመሪያው ቤት ሲመለሱ ግን ደጃፉን አልፈውት ተገኙ። ኦክታቭ በ1200 ሴንት ሲለካ ያለፉት 23 ሴንት ተኩል ገደማ ነው። ትንሽ ነው፤ ግን አይጠፋም። የትም ቢጥሉት አንዱ ቤት ላይ ያርፋል።»

«እናንተስ ማን ላይ ጣላችሁት?»

«ድሮ ድሮ አንዱ ላይ። አሥራ አንዱ በሰላም ሲያዜሙ እሱ ብቻውን ይጮኽ ነበር። ጩኸቱ ስለሚያስጠላ ‹ተኩላ› አሉት፤ ዜማውም ሁሉ በሱ ደጅ ላለማለፍ ዞሮ ይሄድ ነበር።»

«እሱማ ተኩላ አይደለም» አለ ዋሽንት። «የአሥራ አንድ ጎረቤት ሸክም የተጫነበት ነው።»

«እውነትህን ነው። በኋላ በቻይና ልዑል ዡ ዛይዩ በ1584 እ.ኤ.አ. ኦክታቭን ለአሥራ ሁለት እኩል የሚከፍል ስሌት አወጣ፤ አውሮፓም ቀስ በቀስ ወደዚሁ ዓይነት አከፋፈል ገባች። ትርፉ ለሁሉም ተካፈለ። እያንዳንዱ አምስተኛ ሁለት ሴንት ያህል ጠበበ፤ ጆሮ እምብዛም አያውቀውም። ሦስተኛ የሚባለው ድምፅ የበለጠ ተጎዳ፤ ጥርት ሲል 386 ሴንት የነበረው ዛሬ 400 ላይ ይኖራል። ነገር ግን ለብቻው የሚጮኽ ቤት የለም። እኔ እኩልነት ነው ይዤላችሁ የመጣሁት።»

ቀላል ነገር አልተናገረም። አንድ ጎረቤት እንዳይጮኽ ሁሉም ከጥራቱ ትንሽ ትንሽ መስጠቱ ከብዙ መንግሥታት ሥራ ይበልጣል።

ጥሩምባም ደገፈው። «በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች፣ ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር፣ አዲስ አበባ ላይ የነፉት በዚሁ ልክ ነው። ልክ ባይኖር አርባ ሰው እንዴት አብሮ ይነፋል?»

ይሄኔ እምቢልታዎች ተነሡ። «እኛም አብረን እንነፋለን። ጣት የሚያርፍበት ቀዳዳ የለንም፤ እያንዳንዳችን የምናውቀው አንድ ሁለት ድምፅ ብቻ ነው። ዜማው ከማናችንም ዘንድ የለም፤ ስንቀባበል ነው የሚገኘው። ርዝመታችንን እኩል ቢቆርጡን ኖሮ ሦስታችንም አንድ ድምፅ ሆነን በቀረን ነበር።»

በገና ወደ ክራር ዞረ። «አንተስ ስንት ቤት ትዞራለህ?»

«እኔ አልዞርም። አምስት ድምፅ አለኝ፤ ስድስተኛው ክሬ ከአምስቱ አንዱን በኦክታቭ ይደግመዋል። ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ ስሄድ ክሬን አላልቼ፣ አጥብቄ፣ እንደ አዲስ እቃኛለሁ። ሂሳቤ ከሚዘፍነው ሰው ጉሮሮ ጋር ነው። ክብ ስላልሠራሁ ትርፍ የሚባል የለብኝም።»

ሽማግሌው ማዶ ላይ ሥጋ ወደሚከፋፈሉት ሰዎች አመለከተ። «ያን ቅርጫ እዩ። ያዋጣ ሁሉ እኩል ይደርሰዋል፤ በሬው ቢከሳም ጉድለቱን እኩል ይችሉታል። ግን የሚያልፈውን መንገደኛ ጠርተው ‹የበሬያችንን ዕዳ ክፈል› ይሉታል?»

«አይሉትም» አለ ኪቦርድ ቀስ ብሎ።

«እንግዲህ በአሥራ ሁለቱ ቤቶችህ መካከል የፈረድከው ቅን ፍርድ ነው፤ አልነካብህም። አንቺሆዬን ግን ያልተበደረችውን አስከፍለሃታል። መልስላት።»

«በምን ልመልስ? ቁልፌ እንደ ክር አይላላ፣ አይጠብቅ!»

ማሲንቆ ጣልቃ ገባ፤ አንድ ክር ብቻ ያለው፣ ጣቱ የት እንደሚያርፍ ምልክት የሌለው እሱ። «ሆድህ ውስጥስ ምንም የለም?»

ኪቦርድ አሰበ። «አለ። የእያንዳንዱን ድምፅ ሴንት ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ቦታ አለኝ፤ የዓረቦችን መቃም ለመጫወት ይከፍቱታል። እዚህ ግን የከፈተው የለም፤ እኔም አለኝ አላልኩም።»

ከፈቱት። ክራር የአንቺሆዬን ሁለተኛ ድምፅ መታ። ኪቦርድ አብሮ ሲጫን ሁለቱ ድምፆች ተጋጭተው ይርገበገቡ ጀመር። አሥር ሴንት ከፍ አለ። «ገና ነህ።» ሃያ። መርገብገቡ ዘገየ። «ገና።» ሠላሳ። «አለፍክ፣ ተመለስ።» ሃያ ስድስት ላይ መርገብገቡ ቆመ፤ ሁለቱ አንድ ሆኑ። «እሱ ነው!» አለ ክራር፤ እምቢልታዎቹም እልል አሉ።

በማግስቱ ሠርግ ነበር። ኪቦርድ ቁጥሩን በልቡ ይዞ፣ ደስ ብሎት መጣ። ክራር ግን ቀንበሩ ላይ ያሉትን መቃኛዎች እያዞረ አገኘው።

«ምነው፣ ትናንት ሃያ ስድስት አላልከኝም?»

«የትናንትናው የእኔ ጉሮሮ ነው። የዛሬዋ ዘፋኝ ከዱራሜ የመጣች ናት፤ ያቺን ድምፅ ትንሽ ዝቅ አድርጋ ነው የምትይዘው።»

ኪቦርድ የያዘውን ቁጥር ደመሰሰው። «እንግዲያው አስቀድማ ታሰማኝ» አለ።