ደጅ ጥናት በስልክ

አሜሪካ ስንገባ ደጅ ጥናትን አገር ቤት ትተነው የመጣን መስሎን ነበር። ኢንሹራንስ ለየትኛው መድኃኒት እንደሚከፍል ለሚወስኑት፣ የመድኃኒት ጥቅማጥቅም አስተዳዳሪ ለሚባሉት ኩባንያዎች ምስጋና ይግባቸውና ባህላችን ሜሪላንድ ድረስ ተከትሎን መጥቷል። ያውም ሠልጥኖ። የጥንቱ ባለጉዳይ ከጌታው አጥር ሥር ፀሐይና ዝናብ ይፈራረቅበት ነበር፤ የዛሬው ሶፋው ላይ ተጋድሞ፣ ፒያኖ እየተጋበዘ ደጅ ይጠናል።

አጋፋሪው የተቀረጸ ድምፅ ነው። በየሁለት ደቂቃው «ጥሪዎ ለእኛ እጅግ አስፈላጊ ነው» ይላል። ባለቤቴ እንኳ እንዲህ ደጋግማ ነግራኝ አታውቅም። ሦስቱ ትልልቅ ኩባንያዎች ከአገሪቱ የመድኃኒት ማዘዣ 80 በመቶ ያህሉን ያስተናግዳሉ፤ ይህን ሁሉ ሸክም የተሸከመ ስልክ ማንሻ እጅ ቢያጥረው አይፈረድበትም።

የደወልኩት ስለ እናቴ ኢንሱሊን ነው። ሐኪሙ አዟል። በፋርማሲው ፍሪጅ ውስጥ አለ። የቀረው እናቴን አይቷት የማያውቅ የሦስተኛ ወገን በጎ ፈቃድ ብቻ ነው፤ መድኃኒቱ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ኢንሹራንሱ ከሚከፍልላቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ወጥቷልና «ቅድመ ፈቃድ» ይጠይቃል። ኢንሱሊንን ያገኙት ሰዎች በ1923 የፈጠራ መብታቸውን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያስረከቡት ለእያንዳንዳቸው በ1 ዶላር ነበር። ማንን አስፈቅደው እንደሆነ እንጃ።

ከ47 ደቂቃ በኋላ ሰው ተገኘ። እናቴ ራሷ ትናገር ተባለ፤ ለምስጢሯ ተጨንቀው ነው። አስተርጓሚም ገባ። «የተወለዱበት ቀን?» እናቴ ኮራ ብላ «ጣሊያን በወጣ በዓመቱ፣ ለኅዳር ሚካኤል» አለች። ወረቀቷ ላይ ግን እንደ ብዙ ያገሯ ሰዎች ጃንዋሪ 1 ናት። (መድኃኒቷ ከዝርዝር የወጣውም በዚያው ቀን ነው፤ የልደት ስጦታ መሆኑ ነው።) ኮምፒውተሩ አላወቃትም። ለካ ይህን ሁሉ ዘመን ሌላ ሴት ሆና ነው የኖረችው!

ምስጢር ከተነሣ አይቀር፣ እስከ 2018 ድረስ እነዚህ ኩባንያዎች ከፋርማሲዎች ጋር የሚዋዋሏቸው አንዳንድ ውሎች ፋርማሲስቱ «ኢንሹራንስዎን ትተው ከኪስዎ ቢከፍሉ ይረክስልዎታል» ብሎ እንዳይናገር አፉን ይለጉሙት ነበር። ኮንግረስ በዚያ ዓመት በሕግ ከለከለው። እንደዚያ ያለ ምስጢር ጠባቂ ባለሙያ ከእንግዲህ ከየት ይገኛል?

«ወደሚመለከተው ክፍል ላስተላልፍዎ» ተባልን። ትንሽ ፒያኖ፣ ከዚያ ጡ… ጡ… ጡ።

እናቴ የደጅ ጥናትን ሥርዓት ከእኔ የበለጠ ታውቃለች። ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «አንተ ልጅ፣ እጅ መንሻ ሳትይዝ ደውለህ እንዳይሆን?» አለችኝ።

«እሱንማ መድኃኒት አምራቾቹ ይሰጧቸዋል፣ እማዬ። ሪቤት ነው የሚሉት። በዝርዝሩ ላይ ለመግባትም ለመሰንበትም እሱ ይታያል። ያንቺው አምራች ምናልባት አጉድሎባቸው ይሆናል።»

ጥቂት አሰበች።

«ታዲያ ይጨምርላቸዋ» አለች፤ «የእኔስ መርፌ የነገ ነው።»

እንደገና ደወልኩ። ጥሪዬ አሁንም እጅግ አስፈላጊ ነው።