እፉኝትን ፎቶ ስለ ማንሳት

እፉኝት ለፎቶ እጅግ የተመቸ ፍጡር ነው። እንደ ወፍ አይበርም፤ እንደ ሚዳቋ ደንብሮ ጫካ አይገባም። የሰርግ ፎቶ አንሺዎችን ሁሉ የሚያማርረው የዐይን መጨፈን ጣጣም የለበትም፤ የእባብ ዐይን ቆብ የለውምና። ዐይኑን የሚሸፍነው ጥርት ያለ ቅርፊት ነው፤ እሱም ቆዳው ሲገፈፍ አብሮ ይገፈፋል።

ችግሩ ማግኘቱ ላይ ነው። እፉኝት ወፍራምና አዝጋሚ ስለሆነ ኮቴ ሲሰማ ከመሸሽ ይልቅ ባለበት መተኛትን ይመርጣል። ዝንጉርጉር ጀርባው ከደረቅ ቅጠልና ከአፈር አይለይም። ስለዚህ ፎቶ አንሺው ቀኑን ሙሉ ሲፈልገው ውሎ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ሊረግጠው ጥቂት ሲቀረው ነው። እፉኝቱም ሰውነቱን ነፍቶ እንደ ወናፍ ይተነፍሳል።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚባለው ለጤነኛ ሰው ነው። ፎቶ አንሺ እባብ ሲያይ በሆዱ ይተኛል። ከላይ ወደ ታች የተነሣ እባብ ገመድ ስለሚመስል ፊት ለፊት ማየት ይፈልጋል። በአጠገቡ የሚያልፍ እረኛ በትሩን ጨብጦ ቢቆምና ማንኛቸውን ማዳን እንዳለበት ቢቸገር አይፈረድበትም።

ስልክ ይዞ የሚመጣው ደግሞ ይብሳል። የስልክ ሌንስ እባቡን አርቆና አሳንሶ ስለሚያሳይ ባለቤቱ «ትንሽ ጠጋ ልበል» ይላል፤ ጠጋ ሲልም አሁንም ያንስበታል። እፉኝት ግን የሰውነቱን ግማሽ ያህል ርቀት ተወርውሮ፣ የሰው ዐይን ሳይርገበገብ ነድፎ ይመለሳል። ስለዚህ ቢያንስ የእባቡን ርዝመት ሁለት እጥፍ መራቅና 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ መያዝ ይሻላል። ሌንሱ ውድ ነው፤ ጣት ግን በሱቅም አይገኝም።

ለኮብራ ይህም አይበቃም። በደቡብ ኢትዮጵያ ቆላ የሚገኘው ቀዩ መርዝ ተፊ ኮብራ ከሁለት ሜትር በላይ ይተፋል፤ የሚያነጣጥረውም ፊት ላይ ነው። ካሜራ የሚሸፍነው አንድ ዐይን ነው፤ ለሌላው መነጽር ያስፈልጋል። መርዙ ዐይን ከገባ ወዲያው በብዙ ውኃ ማጠብና ሐኪም ጋ መሮጥ ነው።

እባቡ አልረጋ ሲል ባርኔጣ የሚደፉበት አሉ። ጨለማ ሲሆንለት ተጠቅልሎ ይተኛል፤ ባርኔጣው ሲነሣም ፎቶው ያምራል። ባርኔጣውን ማን እንደሚያነሣ ግን አስቀድሞ መስማማት ያሻል።

ሳይነኩ የተነሣ ፎቶ ምን ያህል እንደሚጠቅም የባሌው እፉኝት ምስክር ነው። ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2016 «ቢቲስ ሐረና» የተባለውን አዲስ ዝርያ ሲመዘግቡ በእጃቸው የነበረው የአንዲት ሴት እባብ በድን ብቻ ነበር። በሕይወት ያለ እባብ ያዩት ከሐረና ጫካ በተገኘ ፎቶ ነው፤ በቀለሙና በቦታው ተመርተው፣ እየተጠነቀቁም ቢሆን፣ የዚሁ ዝርያ ነው አሉ። በእጅ ይዞ መለየት ሌላ ጉዳይ ነው። አሜሪካዊው የእባብ ሊቅ ካርል ሽሚት እ.ኤ.አ. በ1957 ቡምስላንግ የሚባለውን የዛፍ እባብ ግልገል ለመለየት ሲያገላብጥ ተነደፈ፤ የሚሰማውን ሕመም በማስታወሻ ሲጽፍ ቆይቶ በማግስቱ ሞተ።

የተነደፈ ሰው ቁስሉን መብጣት፣ መምጠጥም ሆነ በገመድ ማሰር የለበትም። ቀለበቱንና ሰዓቱን አውልቆ፣ የተነደፈውን እጅ ወይም እግር ሳያንቀሳቅስ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ለሐኪሙ ለማሳየት ተብሎ እባቡን መግደል አያስፈልግም፤ ፎቶ ይበቃል። ፎቶ አንሺ ከሌላው ተነዳፊ የሚሻለው በዚህ ብቻ ነው።