ደመወዝ የሌለው ሥራ አስኪያጅ

ስለ ሠራተኛ መብት ወሬ ከተነሳ ከጅማ እስከ አጋሮ የሚረታኝ የለም። ሰርቦ ላይ ሒሳቡን የተከለከለ አስተናጋጅ፣ ሊሙ ገነት ላይ የቀን ሥራዋ ያልታሰበላት የቡና አልጋ ሠራተኛ፣ ጅማ መርካቶ አካባቢ የወራት ውዝፍ ያለው ሾፌር፣ ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቁት እኔን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አጣጥፌ በኮቴ የውስጥ ኪስ እይዛለሁ። ቡና ፈሶበት ግማሹ አይነበብም፤ የማይነበበውን በቃሌ እሞላዋለሁ። ይኸው ሰው ነው እንግዲህ የራሱን ደመወዝ ሳይቀበል ከአንድ የለቀማ ወቅት እስከ ሌላው አፉን ዘግቶ የተቀመጠው።

ሥራዬ ከአጋሮ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነበር። ስሙን አልናገርም፤ ጨዋ ሆኜ አይደለም፣ ዛሬም ይከፍሉኛል ብዬ ስለምጠብቅ ነው። ሚዛን ላይ ቆሜ የሚገባውን እሸት ቡና እመዘግባለሁ፣ የለቃሚውን ኪሎ እጽፋለሁ፣ በወሩ መጨረሻ ፔሮል አዘጋጃለሁ። አንድ ቀን እንደምንም ደፍሬ ጭማሪ ብጠይቅ ባለቤቱ ትከሻዬን ይዞ «አንተማ ሥራ አስኪያጃችን አይደለህም እንዴ!» አለኝ። የጭማሪው ነገር እዚያው ቀረ። እኔ ግን ጅማ ገብቼ በራሴ ገንዘብ ማኅተም አስቀረጽኩ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴም ሳትቀር «ሥራ አስኪያጅ» ትለኛለች፤ እርግጥ እሷ እንዲህ ብላ የምትጠራኝ የቤት ኪራይ ሲደርስ ነው።

የጽሑፍ ውል አልነበረኝም። ለሰው ስመክር አሳምሬ አውቀዋለሁ፦ የሥራ ውል በቃልም ይጸናል፤ አሠሪው ግን በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዋና ዋና ነጥቦች የያዘ፣ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት፤ ባይሰጥም ሠራተኛው መብቱን አያጣም። ለራሴ ሲሆን ግን ደብዳቤ መጠየቅ የማዕረጌ ወግ አልመስል አለኝ። ሥራ አስኪያጅ ደብዳቤ ይሰጣል እንጂ ይለምናል?

ክፍያው መዘግየት የጀመረው በጥቅምት 2017 ነው። ባለቤቱ «ኒው ዮርክ ተረብሿል» አለኝ። እኔም የኒው ዮርክን መረበሽ ለለቃሚዎቹ በሐዘን ድምፅ አብራራሁላቸው። በየካቲት አረቢካ ቡና እዚያው ኒው ዮርክ በፓውንድ ከ4 ዶላር ሲያልፍ ደግሞ «ጥሬ ገንዘቡን እሸቱ በላው» ተባለ። ቡና ቢወጣም ቢወርድም ደመወዝ እንደማይኖር ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር። የገበያው ትርፍም ኪሳራም የነጋዴው ነው፤ የለቃሚው ሒሳብ በለቀመው ኪሎ ነው። ይህን ለማወቅ አዋጅ ማጣጠፍ አያስፈልግም።

የፊርማው ጉዳይ ከዚህ ይብሳል። «ሌላው እንዲበረታ አንተ ቅደምና ፈርም» ተባልኩና ያልተቀበልኩትን ተቀብያለሁ ብዬ ፈረምኩ። አዋጁ ለሠራተኛ ይራራል፤ በፔሮል የሰፈረውን የተጣራ ክፍያ ሳይቃወም የተቀበለ ሰው ቀሪውን ትቷል አይባልም። ይህ ግን የሚረዳው አንሶ የተከፈለውን ነው። እኔ የፈረምኩት ጭራሽ ላላየሁት ብር ነው። መዝገቡ በእጄ ጽሑፍ፣ ፊርማው የእኔ፣ ማኅተሙም ያው የሚታወቀው። ጠላት ቢያዘጋጅብኝ እንዲህ አያሳምረውም።

በታኅሣሥ በደመወዝ ፋንታ ጀንፈል በጆንያ ተሰጠኝ። ሕጉ ደመወዝ በጥሬ ገንዘብ ይከፈል ይላል፤ በዓይነት እንዲሆን ከተስማሙም ከአካባቢው የገበያ ዋጋ እንዳይበልጥ፣ በጥሬ ገንዘብ ከሚከፈለውም 30 በመቶ እንዳያልፍ ይገድባል። በጥሬ ገንዘብ የሚከፈለኝ ዜሮ ነበር። የዜሮ 30 በመቶ ስንት ጆንያ እንደሚወጣው ለማስላት የሒሳብ ሰው መሆን አይጠይቅም፤ እኔ ደግሞ የሒሳብ ሰው ነኝ። አመስግኜ ተሸክሜ ገባሁ፤ ዋጋው ሊሰቀል ጥቂት ሲቀረውም ሸጥኩት።

እስካሁን ያወራሁት በራሴ ላይ የሠራሁትን ስለሆነ ያስቃል። ከዳውሮና ከከምባታ ለለቀማ የመጡት ልጆች ነገር ግን አያስቅም። ሒሳባቸውን ለካቦው አስረክብ ተባልኩ፤ አስረከብኩ። ደመወዝ የሚሰጠው በሠራተኛው እጅ ወይም እሱ ለወከለው ሰው ነው፤ ካቦውን የወከለው የለም። ከፊሉ ደረሳቸው፣ ከፊሉ «ለምግብ ተቆረጠ» ተባለ። ያለ ሕግ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ያለ ኅብረት ስምምነትና የሥራ ደንብ፣ ወይም ያለ ሠራተኛው የጽሑፍ ፈቃድ ከደመወዝ እንደማይቆረጥ፣ ሲቆረጥም ከወር ደመወዙ ሲሶ እንደማያልፍ አውቃለሁ። ለአንድ ወቅት ብቻ የተቀጠረ ሰውም ሠራተኛ መሆኑን አውቃለሁ። አንደኛው ልጅ መጥቶ «ጋሼ፣ ምን ይሻለናል?» ሲለኝ ይህ ሁሉ ኪሴ ውስጥ ነበር። «ነገ ኑ» አልኩት። በማግስቱም መጡ፤ እኔ ማጠቢያው ጀርባ ዞሬ ቧንቧ የምመረምር መሰልኩ። ስለ ቧንቧ የማውቀው ነገር የለም። ጥር ሲያልቅ ወደየአገራቸው ተበተኑ።

አልጋ ላይ ቡና የምታገላብጥ፣ ሁላችንም አዴ የምንላት እናት ነበረች። መጋቢት ላይ ስትሰናበት የወራት ሒሳብ ቀረባት። እኔ በማዕረጌ ምክንያት በግልጽ ልረዳት ስለፈራሁ በምስጢር ማመልከቻ አዘጋጀሁላት፤ ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የሚነሳ፣ በአማርኛ የተጻፈ፣ ግሱን ለማግኘት ገጽ መግለጥ የሚጠይቅ። አዴ ተቀብላ መረቀችኝ፤ ከዚያ ቡና ቋጠረችበት መሰለኝ። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ መሆኑ ያን ሁሉ ስጽፍ አልታወሰኝም። እሷ ጅማ ሄዳ በዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡትን አነጋገረች። የጠየቋት መቼ እንደተቀጠረች፣ በቀን ስንት እንደሚታሰብላት፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተከፈላት ብቻ ነው። ልጇ የሠራችበትን ቀን ሁሉ በደብተሩ ጀርባ ሲጽፍላት ኖሯል።

ከዚያ ወረዳው የሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ገባች። ባለቤቱ ተጠርቶ ዕዳውን አመነና «እከፍላለሁ» ብሎ ፈረመ። ይህች ፊርማ ትንሽ ትመስላለች፤ አሠሪ ዕዳውን በግልጽ ካመነ የይርጋው ቆጠራ ይቋረጣል። ሳይከፍል ሲቀር ወረዳ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ከሰሰች። ሠራተኛ ለዚህ የዳኝነት አይከፍልም፤ ችሎቱም በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ይጠበቅበታል። ጥያቄዋ ውስጥ ደግሞ እኔ በአራት ገጽ ያልጠቀስኩት ነገር ገብቶ ነበር፦ ውል ሲቋረጥ ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት፤ አሠሪው ከአቅሙ በላይ ባልሆነ ምክንያት ካዘገየ ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር ደመወዝ ሊጨምርበት ይችላል። ባለቤቱ ይህን ሲሰማ ከቀጠሮው በፊት ብሩን ይዞ መጣ። ቆጥሮ ያስረከባት ማን ይመስላችኋል? እኔው ነኝ። ደረሰኙን በማኅተሜ መታሁላት።

የራሴን ለመቁጠር የተቀመጥኩት መስከረም ላይ ነው። ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ መጠየቅ ከሚገባው ቀን አንስቶ በ6 ወር በይርጋ ይታገዳል፤ እያንዳንዱ ወር ለብቻው ይቆጠራል። ይህን ለስንቱ ነግሬያለሁ! የጥቅምት ደመወዝ በሚያዝያ ሞቷል፤ ኅዳር በግንቦት፣ ታኅሣሥ በሰኔ ተከትለውታል፤ ጥርና የካቲትም ክረምቱን አልተሻገሩም። በሕይወት ያገኘሁት ከመጋቢት ወዲህ ያለውን ነው። ዘግይቶ ለመጣ ሰው አዋጁ ጠባብ በር ይተዋል፤ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ያገደው እንደሆነ፣ ለምሳሌ ሕመም፣ በአሠሪው ትእዛዝ ከመኖሪያ ቦታ መዛወር፣ ለብሔራዊ ግዳጅ መጠራት። ከዘረዘራቸው ውስጥ ይሉኝታን ፈለግኩ፤ ቡና የፈሰሰበት ገጽ ላይ ይሆናል ብዬ ንጹሕ ቅጂ ተውሼ ሁሉ አየሁ። የለም።

አሠሪ መሠረታዊ ግዴታውን በተደጋጋሚ ሲያጓድል ሠራተኛው ያለማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ እንደሚችልም አውቅ ነበር። በዚህ መብት ለመጠቀም ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካቆመ በኋላ ያለው ጊዜ 15 የሥራ ቀን ነው። እኔ የመልቀቂያ ደብዳቤዬን አዘጋጅቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬ፣ ለቀማው እስኪያልቅ፣ ከዚያ ጾሙ እስኪያልቅ፣ ከዚያ ባለቤቱ ልጁን እስኪድር ጠበቅሁ። ሰርጉ ላይ ድንኳን ያስተከልኩት እኔ ነኝ።

በመጨረሻ ከሰስኩ። መልስ ደረሰኝ፤ አጭር ነው፦ ከሳሽ የሥራ መሪ ስለሆኑ አዋጁ አይመለከታቸውም። ማስረጃ ተብሎ የተያያዘው በማኅተሜ የተመታ ወረቀት ነው። እውነትም አዋጁ የሥራ መሪን አይሸፍንም፤ የእሱ ክርክር በፍትሐ ብሔር ሕግ የሚታይ ነው። ደግነቱ ሕጉ የሥራ መሪነትን የሚለካው በመጠሪያ አይደለም፤ የድርጅቱን የሥራ አመራር ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት ሥልጣን በተግባር መኖሩን ያያል። ስለዚህ አሁን ሥራዬ አጋሮ ከተማ ውስጥ «ሥራ አስኪያጅ» እያለ የሚጠራኝን ሰው ሁሉ እየዞርኩ ምንም እንዳልነበርኩ እንዲመሰክርልኝ መለመን ነው። ሻይ ቤት ከጠበቃ በላይ ስናገር የኖርኩ ሰው፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አንድ ጆንያ እንኳ ማስወጣት አልችልም ነበር ብዬ ማስረዳት አለብኝ። ነገሩ እውነት ነው፤ እውነት መሆኑ ነው የሚያቃጥለው።

ዋና ምስክር ያደረግኩት የጣቢያውን ዘበኛ ነው። ማንንም የመቅጠር ሥልጣን እንዳልነበረኝ ቢናገርልኝ ግማሹን ክርክር ረታሁ ማለት ነው። በሩ ላይ አግኝቼ ነገሩን አስረዳሁት። ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ብዙ አሰበ።

«እኔን ግን የቀጠሩኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አለኝ።

«አይደለሁም። ባለቤቱ ነው።»

«ያኔ እኔ ነኝ ያስገባሁህ ብለውኝ ነበር።»

«ብዬ ነበር።»

«እሺ፣ እመሰክራለሁ» አለ፤ «እንግዲያው ለውለታዎ ብዬ ያመጣሁልዎትን ዶሮ ይመልሱልኝ።»