በዓባይ በረሃ መንገድ ላይ ስለሚታየው የአውቶቡስ መስኮት ጠባይ

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህች አጭር ርቀት ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ዓባይን ይሻገርና ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። ስለ መንገዱ ሊቃውንት ብዙ ጽፈዋል። የሥነ ምድር ሰዎች የገደሉን ድንጋይ ከላይ ባዛልት፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰም፣ ከታች አሸዋ ድንጋይ እያሉ ቆጥረው፣ አንዱን ንጣፍ «ጎሐ ጽዮን ፎርሜሽን» ብለውታል። መሐንዲሶች መሬቱ ለምን እንደሚንሸራተትና አስፋልቱ ለምን እንደሚሰነጠቅ መርምረዋል። በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው ድልድይም 303 ሜትር ርዝመት እንዳለው ተመዝግቧል። ስለ አውቶቡሱ መስኮት ግን የጻፈ የለም። ይህ ጥናት ክፍተቱን ይሞላል።

የጥናቱ ወሰን አገር ሰላም ሆኖ አውቶቡስ በማለዳ ከመናኸሪያ የሚወጣበት ጊዜ ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ ጎሐ ጽዮን መስኮት ዝግ ነው። ዶሮ ቢጫን፣ ሕፃን ቢያስመልስ፣ ዝግ ነው። አንድ ተማሪ ትንፋሽ አጥሮት ሁለት ጣት ያህል ሲከፍት፣ ከኋላው ነጠላ የተከናነቡ እናት «ልጄ፣ ዝጋው፤ ንፋሱ ሊገድለን ነው» ይላሉ። «እሺ እማማ» ብሎ ይዘጋል። እኚህ እናት ዕድሜያቸውን ሙሉ በሰላሌ ሜዳ ንፋስ ሲመታቸው ኖረዋል፤ አንድም ቀን አልታመሙም። ስለዚህ በሜዳ የሚነፍሰው ንፋስ አየር ሲሆን፣ በመስኮት የሚገባው ግን በሽታ መሆኑ ተረጋግጧል። ሕጉ ክልልም ቋንቋም አይለይም፤ በኦሮምኛም በአማርኛም ያው ነው።

ቁልቁለቱ ሲጀመር ሕጉ ይላላል። የጤፉ ማሳ ከኋላ ይቀራል፤ ጆሮ ይደፈናል፤ ሎሚ ከቦርሳ ወጥቶ አፍንጫ ላይ ይለጠፋል፤ ረዳቱ ሳይጠየቅ ፌስታል ያድላል። ከፊት የሚወርደው ተሳቢ የፍሬኑ ሽታ እስከ መጨረሻው ወንበር ይደርሳል። ጋቢው ይወልቃል፤ ቀጥሎ ሹራቡ። ከዚያ በአንዱ ኩርባ ላይ ከኋላ ድምፅ ይሰማል፦ «ልጄ፣ ክፈተው እንጂ! አፍነህ ልትፈጀን ነው?»

ተናጋሪዋ ያው እናት ናቸው። ተማሪው «እሺ እማማ» ይላል። በሁለቱም ጊዜ ጥፋተኛው እሱ መሆኑ በጥናቱ ከተገኙት ውጤቶች ሁሉ የማያወላውለው ነው።

መስኮቱ የሚከፈተው በሙቀት ሳይሆን፣ ፍሬን እንቢ ቢል መውጫ እንዲሆን ነው የሚል መላምትም አለ። ሹፌሩ ባለበት ሊጠየቅ ስለማይችል ተትቷል። የተሻለ ማስረጃ ያላቸው ዝንጀሮዎቹ ናቸው። መስኮት በሚከፈትባቸው ኩርባዎች ጠርዝ ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ፤ ሙዝ የሚወረወረው እዚያ ነውና። ዝግ መስኮት የሚያልፍበት ቦታ ላይ ጊዜውን የሚያጠፋ ዝንጀሮ አልታየም። በመስኩ ከነሱ የበለጠ ልምድ ያለው ተመራማሪ አላውቅም።

ድልድዩ ላይ ሲደረስ ወሬ ይቆማል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራው አሮጌው ድልድይ ከጎን ይታያል። ሁሉም በተከፈተው መስኮት አንገቱን አውጥቶ የአገሩን አፈር ጭኖ ወደ ሱዳን የሚሄደውን ውሃ ያያል፤ አስተያየት የሚሰጥ የለም። ማዶው ዳገት ነው፤ አውቶቡሱ ሲሚንቶ ከጫነ መኪና ኋላ በአንደኛ ማርሽ ያቃስታል። ደጀን ሊደርስ ሲል ንፋሱ ቀዝቀዝ ይላል፤ እናትም ነጠላቸውን ይሰበስባሉ። የሚሉት ይታወቃል።

በዚህ መንገድ የምትጓዝ አንባቢ፣ የመስኮት ወንበር ከደረሰህ ሥልጣን እንዳልተሰጠህ እወቅ፤ የተሰጠህ የመክፈትና የመዝጋት ሥራ ብቻ ነው። ሎሚህንም ለጎረቤት አካፍል። ድልድዩ ላይ ስልክህን ወደ ኪስህ መልስ፤ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው።